የጎደለው ሰው ሥራ፦ የሐዘን፣ የቤተሰብና የመትረፍ ታሪክ ለወጣት አንባቢ እንዴት ይጻፋል?

እናቱ የሞተችበት ልጅ። የተናጋ ቤት። ከዚያ ደግሞ ጎርፍ፣ ጫካ፣ ጦርነት ወይም ሽሽት። እነዚህን ሦስቱን የያዘ የወጣቶች ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው ብዙ ነው። ረቂቁ ሲነበብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ሳይሆን ሦስት ታሪክ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሰው ይሞታል፣ ይለቀሳል። መሃል ላይ ቤተሰቡ ይጨቃጨቃል። በኋላ ልጁ ጫካ ይገባና ከብርድና ከረሃብ ጋር ይታገላል። የእናቱን ሞት ከመጽሐፉ ብታወጡት የጫካው ታሪክ ምንም አይጎድልበትም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ የቆመው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ የሞተው ሰው በዚያ ቤት ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? መልሱ በደንብ ከተገኘ ሴራውም፣ ግጭቱም፣ መጨረሻውም ከእሱ ይወጣል። ነገሩ በባዶ እንዳይቀር አንድ የምሳሌ ታሪክ አብረን እየሠራን እንሄዳለን።

1. የሞተውን ሰው ሥራ በዝርዝር ጻፉ

ሥራ ስል ደሞዝ የሚከፈልበትን ማለቴ አይደለም። በየቤቱ ማንም ለማንም ያልሰጠው፣ ግን አንድ ሰው ብቻ የሚሠራው ነገር አለ። ማታ በሩ መቆለፉን የሚያየው ማን ነበር? ጠብ ሲነሳ ቀልድ ጣል አድርጎ የሚያበርደውስ? ገንዘብ ሲያልቅ ልጆቹ እንዳያውቁ የሚሸፋፍነው? የታናሽየውን ቅዠት የሚያባርረው?

ወረቀት ላይ ቢያንስ አሥር እንዲህ ያሉ ነገሮችን ጻፉ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ማንም የሚያስባቸው ይሆናሉ፤ ማብሰል፣ ማጠብ፣ መምከር። ሰውየው ሰው መሆን የሚጀምረው ከስድስተኛው በኋላ ነው። ከዝርዝሩ ሁለት ምረጡ። አንዱ በዓይን የሚታይ ይሁን። ሌላው ሰውየው እስኪሞት ድረስ ማንም ልብ ያላለው ይሁን።

ምሳሌያችን እንዲህ ነው። ሳራ 16 ዓመቷ ነው፣ ወንድሟ ዮናስ 9። እናታቸው ከሞተች ወራት አልፈዋል። የእናትየው የሚታይ ሥራ መንገድ ነበር። መኪናውን የምትነዳው እሷ ናት። መቼ እንደሚነሱ፣ በየት እንደሚሄዱ፣ የት እንደሚያድሩ የምትወስነውም እሷ። የማይታየው ሥራዋ ደግሞ አባትየውን ለልጆቹ ማስረዳት ነበር። አባትየው ዝምተኛ ነው። ፊቱ ሲጠቁር "ተቆጥቶ እኮ አይደለም፣ ፈርቶ ነው" የምትላቸው እሷ ነበረች። አሁን መንገድ የሚወስንም፣ ዝምታ የሚፈታም የለም።

ልብ በሉ፣ እስካሁን ማንም አላለቀሰም። ክፍተቱ ግን ታይቷል። አንባቢ ለማያውቃት ሴት እንዲያዝን መጠየቅ ይከብዳል። ሳይሠራ የቀረ ሥራ ግን ወዲያው ይገባዋል።

ማጣት ሁልጊዜ ሞት ላይሆን ይችላል። የጠፋና ይሙት ይኑር የማይታወቅ ወንድም አለ። በሕይወት እያለ አእምሮው የራቀ አያት አለ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ስለዚህ ዓይነቱ መቋጫ የሌለው ማጣት ስትጽፍ ቆይታለች። መነሻዋም በቬትናም ጦርነት የጠፉ ወታደሮች ቤተሰቦች ነበሩ። ታሪካችሁ በዚህ ዓይነት ማጣት ላይ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ችግር ይገጥማችኋል። የጠፋውን ሰው ሥራ መውሰድ "አይመለስም" ብሎ እንደ መፍረድ ይቆጠራል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ከዳተኛ ይሆናል። ለግጭት ከዚህ የተሻለ መነሻ ብዙ አይገኝም።

2. ማን ይተርከው?

የወጣቶች ልብ ወለድ በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ አንባቢዎች ይጻፋል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ብዙ ጊዜ ከ14 እስከ 18 ይሆናል፤ ልጆች ከራሳቸው ትንሽ ስለሚበልጥ ልጅ ማንበብ ይወዳሉና። ርዝመቱን በተመለከተ በእንግሊዝኛው የመጽሐፍ ገበያ ከ50,000 እስከ 80,000 ቃል የተለመደ ነው። አማርኛ በአንድ ቃል ብዙ ስለሚሸከም ቁጥሩ ዝቅ ቢል አያስጨንቃችሁ።

ከዕድሜው የሚበልጠው ግን ርቀቱ ነው። ታሪኩን የምትናገረው ዛሬ 16 ዓመት የሆናት ልጅ ናት ወይስ ያኔን የምታስታውስ ትልቅ ሴት? "ያኔ አልገባኝም ነበር፣ በኋላ ግን..." የምትል ተራኪ ሁለት ነገር ታበላሻለች። አንደኛ፣ እንደተረፈች ትነግረናለች። ሁለተኛ፣ አንባቢው ራሱ ሊደርስበት የሚገባውን ነገር ቀድማ ትፈታለታለች። ልጅቷን በዛሬ አእምሮዋ አስተርኳት። ትሳሳት። የማይገባትን ነገር እንደገባት አድርጋ ታውራ።

አንደኛ መደብ ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ ይመቻል። ግዴታ ግን አይደለም። ከአንድ ልጅ ትከሻ የማይርቅ ሦስተኛ መደብም ይሠራል። ሁሉን አዋቂ ተራኪን ግን አልመክርም። የአባትየውን ሐሳብ ገብቶ የሚነግረን ድምፅ ካለ የእናትየው የማይታይ ሥራ ዋጋ ያጣል። ዝምታውን ተራኪው ፈታልን ማለት ነው።

አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ኤስ. ኢ. ሂንተን ዘ አውትሳይደርስ የተባለውን ልብ ወለድ መጻፍ ስትጀምር ገና 15 ዓመቷ ነበር፤ በ1967 ሲታተም 18። ታሪኩ ወላጆቻቸው በመኪና አደጋ ስለሞቱባቸው ሦስት ወንድማማቾች ነው። ትልቁ 20 ዓመቱ ሲሆን የአባትነቱን ሥራ ተረክቧል። ትንሹ ደግሞ ያንን ጥብቅነት ጥላቻ አድርጎ ያየዋል። የጎደለው ሰው ሥራ ሴራን እንዴት እንደሚሸከም ማየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ይጀምር።

3. ሐዘኑን ከአምስቱ ደረጃ አውርዱት

ብዙ ጸሐፊ ሐዘንን በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርት፣ መቀበል። ዝርዝሩ የመጣው ከሥነ አእምሮ ሐኪሟ ከኤልሳቤት ኩብለር ሮስ የ1969 መጽሐፍ ነው። ኩብለር ሮስ ያነጋገረችው ግን በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሕሙማንን ነበር። ደረጃዎቹ በመጀመሪያ የተነገሩት የራሳቸውን ሞት ስለሚጠብቁ ሰዎች ነው። ለሟች ቤተሰብ የተዘረጉት ኋላ ነው። ለልብ ወለድ ደግሞ ሌላ ጉዳት አላቸው። ዝርዝሩን ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ቁጣው ሲመጣ አንባቢ "ቀጥሎ ድርድር ነው" ይላል።

ለጸሐፊ የበለጠ የሚጠቅመው የሐዘን ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት በ1999 ያወጡት ሐሳብ ነው። እንደ እነሱ አባባል ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል። አንዴ ወደ ማጣቱ ይዞራል፤ ያለቅሳል፣ ያስታውሳል፣ ይናፍቃል። አንዴ ደግሞ ሕይወት ወዳመጣችው አዲስ ሥራ ይዞራል፤ ሂሳብ ይከፍላል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ሳያውቀው የነበረውን ኃላፊነት ይማራል። ሰው ሐዘንን የሚችለው በዚህ መመላለስ ነው።

ይህ ለትዕይንት አሠራር ወርቅ ነው። ኋላ በምንሠራው አደጋ መኪናቸው ገደል ሥር ቀርቷል፤ ሳራ የቀራቸውን የውሃ ጠርሙስ ስትቆጥር እንይ። ፋኖስ ፍለጋ የመኪናውን መሳቢያ ትከፍታለች። የእናቷ የፀጉር መያዣ አለ፤ አንድ ሁለት ክር ፀጉር ተጠምጥሞበታል። እጇ ይቆማል። ዮናስ "ስንት ሆነ?" ይላታል። ቁጥሩ ጠፍቶባታል። ከአንድ ትጀምራለች። ለቅሶ አልጻፍንም፣ "ሆዷ ባር ባር አለ" እንኳን አላልንም። ግን ሁለቱም ነገር አንድ ገጽ ላይ አለ፤ ማጣቱም፣ የግድ መሠራት ያለበት ሥራም።

ዕድሜም ሐዘንን ይለውጣል። የ9 ዓመት ልጅ ያለቅስና ከአፍታ በኋላ ጨዋታ ይጀምራል። ሐዘኑን በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚያወጣው። ታላቅ እህቱ ይህንን ስታይ "ምንም አልመሰለውም" ብላ ልትቆጣ ትችላለች። የ16 ዓመት ልጅ ደግሞ ሐዘኗን ትደብቃለች። ሆዷን ያማታል፣ እንቅልፍ ታጣለች ወይም ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፣ በማይረባ ነገር ትገነፍላለች። በደለኝነትም አለ። "በመጨረሻው ቀን ስልኳን አላነሳሁም" የሚል ልጅ እናቱን የገደላት እሱ እንዳልሆነ በአእምሮው ያውቃል። ግን ለማንም አይናገረውም። ይህን ምስጢር ቶሎ አታውጡት። መጽሐፉን እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ሊሸከም ይችላል።

4. ቤተሰቡ በሐዘኑ አይስማማ

አንድ ሰው ሞተ። ሦስቱ ግን ያጡት ሦስት የተለያየ ሰው ነው። አባት ሚስቱን አጥቷል። ዮናስ ማታ ማታ የምታስተኛውን። ሳራ ደግሞ ስትጣላት የነበረችውን ሴት፤ ያልተቋጨ ጠብ ይዛ ቀርታለች። ከሦስቱ አንዳቸውም የሌላውን ሐዘን አያውቁትም።

ግጭቱን ስትጽፉ ስለ ሐዘን አታጨቃጭቋቸው። ሰው "አንተ እኮ በቂ አላዘንክም" ብሎ አይጣላም። የሚጣላው በዕቃ ነው። በልብሷ፣ በስልኳ፣ በተቀመጠችበት ወንበር፣ በማን አብሳይነት ነው። ለምሳሌ፦

"ቁልፉን ስጪኝ።"
"እማዬ ጎማውን ሳታይ አትነሳም ነበር።"
"አይቻለሁ።"
"አላየህም። እዚህ ቆሜ እያየሁህ ነበር።"
"ሳራ፣ ግቢ። ይመሻል።"

በዚህ ምልልስ ውስጥ ሐዘን የሚል ቃል የለም። ሦስት ነገር ግን ሠርቷል። የእናትየውን ሥራ አሳይቷል። አባትየው ያንን ሥራ ሊወስድ እንደፈለገና እንዳልቻለ አሳይቷል። በጎማው በኩል ደግሞ ለአደጋው ንግር፣ ማለትም ቀድሞ የሚሰጥ ፍንጭ፣ ጥሏል። አንድ ምልልስ ሁለት ሥራ ካልሠራ ቢወጣ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

ልጆች የወላጅን ሥራ ሲረከቡ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የእጅ ሥራ ነው፤ ማብሰል፣ ታናሽን መጠበቅ፣ ሂሳብ መያዝ። ሁለተኛው የልብ ሥራ ነው፤ አባትን ማጽናናት፣ የእሱን ምስጢር መሸከም፣ ቤቱ እንዳይፈርስ ፈገግ ማለት። ሁለተኛው ይከብዳል፤ አይታይምና ማንም አያመሰግናትም። ሳራን ሁለቱንም አሸክሟት። ግን ጀግና አታድርጓት። ታማርር፣ ትቆጣ፣ ወንድሟ ላይ ትጩህ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አባትየውን ክፉ ማድረግ በጣም ይቀላል፤ ለዚህም ነው ብዙ ረቂቅ እዚያ የሚወድቀው። ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ እሱ ትክክል፣ ሳራ ስህተት ትሁን። የወጣቶች ልብ ወለድ ውሳኔውን ከትልልቆቹ ወስዶ ለልጁ መስጠት አለበት። ይህን ለማድረግ ትልልቆቹን ሁሉ መግደል ግን ስንፍና ነው። በሕይወት ያለ፣ የሚናገር፣ ትእዛዝ የሚሰጥ፣ ግን መነሳት የማይችል አባት እጅግ የተሻለ ነው።

5. አደጋውን በትክክለኛ እውቀት ሥሩት

ምሳሌያችንን እንቀጥል። ቤተሰቡ ቤት እየቀየረ ነው፤ በመኪና ተራራ እያቋረጡ ነው። ዝናብ ይጥላል። አባትየው እናትየው የማትሄድበትን አቋራጭ ይመርጣል። መኪናው ተንሸራቶ ገደል ሥር ይቀራል። የአባትየው እግር ይሰበራል። የስልክ ኔትወርክ የለም። ሊመሽ ነው።

አሁን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ወጣት አንባቢ ቀላል አይደለም፤ አንድ የተሳሳተ ነገር ካገኘ ሌላውንም አያምናችሁም። በመትረፍ ታሪኮች የሚበዛው ስህተት ቅደም ተከተሉ ነው። ጸሐፊው ከምግብ ይጀምራል። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ወጥመድ ይሠራል፣ ዓሣ ያጠምዳል። ሰው ግን በረሃብ የሚሞተው መጨረሻ ላይ ነው። የመትረፍ አሠልጣኞች ግምቱን በሦስት በሦስት ያስተምራሉ። ያለ አየር 3 ደቂቃ፣ በከባድ የአየር ጠባይ ያለ መጠለያ 3 ሰዓት፣ ያለ ውሃ 3 ቀን፣ ያለ ምግብ 3 ሳምንት። ሕግ ሳይሆን ግምት ነው። ግን ለሴራችሁ የሰዓት ቆጣሪ ይሰጣችኋል። የሳራ የመጀመሪያ ጠላት ረሃብም አውሬም ሳይሆን እርጥብ ልብስ ነው።

ብርዱን እንየው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይጠቅማል። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ አደጋ ይጀምራል። ለዚህ በረዶ አያስፈልግም። 10 ዲግሪ ላይ እንኳን ዝናብና ነፋስ የመታው ሰው ሊደርስበት ይችላል። ውሃ ሙቀትን ከአየር ወደ 25 እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ይወስዳልና። መጀመሪያ ሰውየው ክፉኛ ይንቀጠቀጣል። ጣቱ አልታዘዝ ይለዋል፣ ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል። ምላሱ ይተሳሰራል። ወደ 32 ዲግሪ ሲወርድ ነገሩ ይገለበጣል። መንቀጥቀጡ ይቆማል። ይቃዣል። አንዳንዱ እንዲያውም ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ያወልቃል።

ጸሐፊ ይህን ሲያነብ ትዕይንቱ ሊታየው ይገባል። ዮናስ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ቆሟል። ሳራ "ተሻለው" ብላ ትተነፍሳለች። የመንቀጥቀጡን መቆም ትርጉም የሚያውቀው አንባቢ ይጨነቃል፣ የማያውቀው ከሳራ ጋር ይደሰትና አብሯት ይደነግጣል። አባትየው ዝም ብሎ ያየዋል። ፊቱ ይጠቁራል። ሳራ የተቆጣ ይመስላታል። የሚፈታላት የለም። "ፈርቶ ነው" የሚላት ሰው ሞቷል። አንድ የሕክምና እውነታ፣ የእናትየው ሞትና የቤተሰቡ ግጭት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው። መመሪያውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ቦታ አትርሷት፤ የመትረፍ እውቀት ሁሉ የቤተሰብ ውሳኔ ሆኖ መምጣት አለበት።

ለምሳሌ ታሪካችን የሚሆኑ ሌሎች እውነታዎች ልጨምር። እርጥቡን ልብስ ማውለቅ ይቀድማል። ከላይ ከመደራረብ በፊት ከሥር ማንጠፍ፤ መሬት ሙቀት ይመጥጣል። የበረደውን ሰው እጅና እግር ማሸት አይገባም። አልኮል ማጠጣትም እንዲሁ፤ ቆዳ ላይ ሙቀት የሚሰማው ከውስጥ እየወጣ ስለሆነ ነው። የተሰበረ እግር ሲታሰር ከስብራቱ በላይና በታች ያሉት መገጣጠሚያዎች አብረው መያዝ አለባቸው። ከታሰረ በኋላ የእግሩ ጣቶች መሞቃቸውና መሰማታቸው ይታያል። የወንዝ ውሃ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ይቆያል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ 3 ደቂቃ። ሦስት ፉጨት ወይም ሦስት እሳት በብዙ ቦታ የድረሱልኝ ምልክት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን መቆየት ወይስ መሄድ ነው። ምክሩ አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው አለመራቅ ነው፤ ፈላጊ ከሰው ይልቅ መኪና ቶሎ ያያል። በጫካ ያለ ምልክት መሄድ ምን እንደሚያመጣም ተፈትኗል። በ2009 ተመራማሪው ያን ሱማንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በጀርመን ጫካና በሰሃራ በረሃ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ ተጠየቁ። ፀሐይ ወይም ጨረቃ የታያቸው አቅጣጫቸውን ጠበቁ። ሰማዩ የጨፈነባቸው ደግሞ ሳይታወቃቸው እየዞሩ የራሳቸውን ዱካ አቋረጡ። ይህን ለሳራ አስቀምጡላት። በስድስተኛው ክፍል ያስፈልገናል።

በመጨረሻም መዝገብ ያዙ። ለእያንዳንዱ ትዕይንት ሰዓቱን፣ የቀረውን ውሃ፣ የስልኩን ባትሪ፣ ማን ምን እንደለበሰና የቁስሉን ሁኔታ ጻፉ። ገጽ 90 ላይ የረጠበ ሹራብ ገጽ 94 ላይ ደርቆ ከተገኘ አንባቢ ያያል።

6. ሦስቱን ክሮች የሚያገናኝ ሴራ

ከሞቱ አትጀምሩ። ከቀብርም አትጀምሩ። የእናትየው ሥራ ሳይሠራ ከሚቀርበት ተራ ቀን ጀምሩ። መኪናው ሳይታይ ከሚነሳበት ጠዋት ማለት ነው። እንዴት እንደሞተች አንባቢ ቀስ ብሎ ይወቅ።

ምልሰት፣ ማለትም ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈን ማሳየት፣ መጠቀም ትችላላችሁ። ሦስት ነገር ግን ጠብቁ። አሁን በእጅ ካለ ዕቃ ወይም ድምፅ ይነሳ። ከአንድ ገጽ አይብዛ። ደግሞም አሁን ላለው ውሳኔ አንድ የሚያስፈልግ ነገር ይዞ ይመለስ። "እናቴ ደግ ነበረች" የሚል ምልሰት ታሪኩን ያቆመዋል። እናትየው አንድ ጊዜ መንገድ ጠፍቷት ምን እንዳደረገች የሚያሳይ ምልሰት ግን ሳራ ነገ የምትጠቀምበት ወይም የምትሳሳትበት ነው።

የመጽሐፉ መሃል ላይ ልጅቷ የሟችን ሥራ ልክ ሟች እንደምትሠራው ለመሥራት ትሞክርና ይክሸፍ። ሳራ "እማዬ ብትሆን አትቀመጥም ነበር" ትላለች። አባትየው ከመኪናው አትራቁ ይላል። እሷ ግን ያንን ፍርሃት ነው ብላ ትንቀዋለች። ዮናስን ይዛ ትነሳለች። ሰማዩ ጨፍኗል። ከሰዓታት በኋላ ጭቃ ላይ የሁለት ሰው ዱካ ያያሉ፤ አንዱ ትንሽ ነው። ሰው አገኘን ብለው ይሮጣሉ። የራሳቸው ዱካ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏችኋል ይሄ ነው። ከዚህ በኋላ ሳራ እናቷን በመቅዳት መትረፍ እንደማትችል ታውቃለች። ማንም አልመከራትም፤ መሬቱ ራሱ ነገራት።

ጡዘቱ፣ ማለትም ግጭቱ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ፣ ደግሞ ሁለቱንም ሥራዎች አንድ ላይ ይጠይቅ። ወደ መኪናው ሲመለሱ የአባትየው ጣቶች ቀዝቅዘዋል። አሁን የመንገዱ ውሳኔ ያለው የዝምታው ቁልፍ ውስጥ ነው። ከላይ መንገዱ የት እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ይህን ለመናገር ግን ያንን አቋራጭ ለምን እንደመረጠ መናገር አለበት። ምናልባት እናትየው የሞተችበትን መንገድ ላለማየት ነበር። ሳራ ዝምታውን አትተረጉምም። "አባዬ፣ እኔ እማዬን አይደለሁም። ካልነገርከኝ አይገባኝም" ትለዋለች። ይናገራል። የማይታየው ሥራ በዚህ ተለወጠ። አስተርጓሚ ያስፈልገው የነበረ ሰው ራሱ መናገር ጀመረ።

የእናንተ ታሪክ መልኩ ሌላ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ግን ይሠራል፦ ሥራው ይጎድላል፣ በተሳሳተ ሰው እጅ ይወድቃል፣ በመቅዳት ይሞከራል፣ ይከሽፋል፣ በሌላ መንገድ ይሠራል።

7. ከባድ ነገሮችን ስትጽፉ

ወጣት አንባቢ ከእውነት መሸፈን የለበትም። ሆኖም ለጉዳት የተጠጋ አንባቢ እንዳለ አትርሱ። ታሪኩ ራስን ማጥፋትን የሚነካ ከሆነ ዘዴውን በዝርዝር አትጻፉ፣ ለችግር መፍትሔ አድርጋችሁ አታሳዩ፣ በአንድ ምክንያት ብቻም አታስረዱት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመገናኛ ብዙኃን የሚሰጠው ምክርም እንዲሁ ነው። ጭካኔን በተመለከተ ደሙን ከማብዛት ይልቅ ከደሙ በኋላ ያለውን ሰዓት ጻፉ። ማን አጠበው? ልብሱ የት ተጣለ?

8. ቀልድ

አስገቡ። ሰው በሐዘን ቤትም ይስቃል፣ በአደጋ መሃልም። ዮናስ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ሳቁ ግን ከልጁ ባሕርይ ይምጣ እንጂ አንባቢን ለማሳረፍ ተብሎ የተሰካ አይምሰል።

9. መጨረሻውን አታስተካክሉት

ሁለት መጥፎ መጨረሻዎች አሉ። በአንደኛው አደጋው አልፎ ሐዘኑም አብሮ ያልፋል፤ ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ እናትየውም የተረሳች ትመስላለች። በሁለተኛው ልጅቷ ሟችን "ትለቃለች"፤ ፎቶውን ወንዝ ውስጥ ትጥላለች፣ ደህና ሁኚ ትላለች። የሐዘን ተመራማሪዎቹ ዴኒስ ክላስ፣ ፊሊስ ሲልቨርማንና ስቲቨን ኒክማን በ1996 ያሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ ነው የሞገተው። ሐዘንተኛ ከሟች ጋር ያለውን ግንኙነት አይበጥስም፣ መልኩን ይለውጠዋል ይላሉ። የሞተችውን እናት አሁንም ያማክራል፣ ይጣላታል፣ ይቀልድባታል።

ስለዚህ መጨረሻውን በሥራው ላይ አሳርፉት። የትኛውን ሥራ ሳራ ለዘለቄታው ወሰደች? የትኛውን አባትየው ተረከበ? የትኛውስ ማንም ሳይነካው ቀረ? ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ይኑረው። አንድ ነገር ሳይሠራ የሚቀርበት ቤት እውነተኛ ቤት ነው። የዮናስን ቅዠት ማንም እንደ እናቱ አያባርረውም። ይቅር።

ደግሞ ከመዳን በኋላ አንድ ምዕራፍ ስጧቸው። ከአደጋ የወጣ ሰው መብራት አላጠፋም ይላል፣ ምግብ ይደብቃል፣ ዝናብ ሲጥል ይነሳል። ብዙ መጽሐፍ ይህን ምዕራፍ ይዘለዋል። ለእኔ ግን ቤተሰቡ መለወጡ የሚታየው እዚያ ነው።

10. ረቂቁን ማረም

ረቂቁ ካለቀ በኋላ ሁሉንም በአንዴ ለማረም አትሞክሩ። በመጀመሪያው ዙር የሟችን ስም ወይም ሥራ የማይነካ ምዕራፍ ካለ ፈልጉ። ሁለት ተከታታይ ምዕራፎች ከዘነጉት ሦስቱ ታሪኮች እንደገና ተለያይተዋል ማለት ነው። በሁለተኛው ዙር መዝገቡን ይዛችሁ ሰዓቱን፣ ውሃውን፣ ቁስሉን ተከተሉ። በሦስተኛው ምልልሱን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የ16 ዓመት ልጅ ለአባቷ የማትለውን ዓረፍተ ነገር ጆሮ ይይዘዋል። በተለይ ስሜትን በስሙ የሚጠሩትን አረፍተ ነገሮች ፈልጉ። "በጣም አዝኛለሁ" የሚል ገጸ ባሕርይ ካለ ምን እያደረገ እንደሆነ ጻፉና ቃሉን ሰርዙት።

ከዚያ ለሁለት ሰው ስጡት። አንዱ ከ14 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ ይሁን። ሌላው በልጅነቱ ወላጅ ወይም ወንድም እህት የሞተበት ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፈቃዱን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ስለምን እንደሆነም ንገሩት። "ወደዳችሁት?" ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው ያፍራል፣ አዎ ይላል። የትኛው ገጽ ላይ አስቀምጠው ሌላ ነገር እንደሠሩ ጠይቁ። ከዚያ ገጽ ሁለት ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ሂዱ። ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው።